የዓባይን በረሃ ከሥር ወደ ላይ፦ ከደጀን ተነሥቶ ለብቻ ድንጋዩን በእግር ለማየት ዝርዝር መመሪያ

ወደ ዓባይ በረሃ ድንጋይ ሊያይ የሚወርድ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ከላይ ይጀምራል። ደጀን አፋፍ ላይ ቆሞ ፎቶ ያነሣል፣ ትንሽ ወርዶ እንደገና ይቆማል፣ ወንዙ አጠገብ ሲደርስ ቀትር ይሆናል። ከዚያ በኋላ ውኃው ያልቃል፣ ጉልበቱ ይዝላል፣ መኪናውም ዳገቱን ሲጀምር ይግላል። ተራራ ላይ ከባዱ ሥራ መጀመሪያ ይመጣል፤ የደከመ ሰው ቁልቁል ይመለሳል። በረሃው ግን የተገለበጠ ተራራ ነው። ቀላሉን አስቀድሞ ይሰጣችሁና ከባዱን ለድካማችሁ ሰዓት ያቆየዋል።

ስለዚህ ከታች ያለው ሁሉ በአንድ ደንብ ይሄዳል፦ በማለዳ በመኪና ሳትቆሙ ወደ ሥር፤ ከዚያ ከሥር እየጀመራችሁ በእግር ወደ ላይ። መመሪያው የጎጃሙን ወገን ብቻ፣ ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ መዳረሻ ያለውን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ይመለከታል። ደጀን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ወንዙ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚለዋወጥ ደጀን ላይ ጋቢ ያስለበሰ ጠዋት ከታች ሸሚዝ ያስወልቃል።

ደረጃ 1፦ ቀኑን ምረጡ

ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ይሻላል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባው፣ ከየካቲት መጨረሻ እስከ ግንቦት ሙቀቱ፣ በክረምት ደግሞ ናዳው አይቻልም። ዝናብ ከጣለ ቢያንስ 3 ደረቅ ቀን ጠብቁ።

ታኅሣሥ ጾመ ነቢያት መሆኑን አትርሱ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ የማትቀምሱ ከሆነ ጉዞውን ከገና በኋላ አድርጉት።

ዋዜማውን ደጀን እደሩ። ማታ መናኸሪያ ሄዳችሁ በዕለቱ ከበረሃው የወጡ ሾፌሮችን ጠይቁ፦ መንገዱ ክፍት ነው? የት ላይ ተናደ? ኬላ የት የት አለ? ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የጸጥታው ነገር ካላማረ ወይም ሰዓት እላፊ ከታወጀ ጉዞውን ሰርዙ፤ ድንጋዩ የትም አይሄድም።

ደረጃ 2፦ መኪናውን አዘጋጁ

ይህን ከጉዞው ሁለት ሦስት ቀን ቀድማችሁ ሥሩ። የጎደለ ነገር ቢገኝ መግዣ ጊዜ ይኑራችሁ።

1. የፍሬን ሸራውን አስፈትሹ። ውፍረቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ካነሰ ቀይሩ።
2. የፍሬን ዘይቱን እዩ። ጠቁሮ ከሆነ አስለውጡ። ያረጀ ዘይት እርጥበት ይስባል፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል እርጥበቱ ይፈላና መርገጫው እንደ ስፖንጅ ይሆናል።
3. ራዲያተሩን ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ከፍታችሁ ሙሉ። የጎማ ቱቦዎቹን በእጃችሁ ጨምቁ፤ የተሰነጠቀ ወይም የላላ ካለ በረሃው ውስጥ የሚፈነዳው እሱ ነው።
4. ተጠባባቂ ጎማውን አስነፉ። ከዚያ እቤታችሁ በር ላይ በገዛ ክሪካችሁ አንድ ጎማ ፈትታችሁ መልሳችሁ እሰሩ። ጎሚስታ በማሽን ያጠበቀውን ብሎን በእጅ መፍቻ መፍታት የማይችል ሰው ጥቂት አይደለም፤ ያንን ኩርባ ላይ ከማወቅ እዚሁ ማወቅ ይሻላል።
5. ነዳጅ ደብረ ማርቆስ ላይ ሙሉ። በረሃው ውስጥ ማደያ የለም፤ ዳገቱም ከሜዳው ይልቅ ነዳጅ ይበላል።
6. ሁለት የእንጨት ታኮና ባለ ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂ ምልክት ያዙ።

ደረጃ 3፦ ውኃ፣ ስንቅ፣ ዕቃ

የምትሸከሙት ውኃ 4 ሊትር፤ መኪና ውስጥ የሚቀመጥ የሚጠጣ 10 ሊትር፤ ለራዲያተር ሌላ 10 ሊትር። ሁለቱን ጀሪካኖች በጨርቅ ወይም በቀለም ለዩ። ዘይት የነበረበት ጀሪካን የሚጠጣ ውኃ አይያዝበትም፣ ስንት ጊዜ ቢታጠብ።

ውኃ ብቻውን አይበቃም። በላብ የሚወጣውን ጨው ካልተካችሁ ብዙ ጠጥታችሁም ራሳችሁን ያማችኋል፣ ያቅለሸልሻችኋል። ሁለት ከረጢት ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ያዙ፤ አንዱ የሚበጠበጠው በ1 ሊትር ነው። በግማሽ ሊትር አታወፍሩት፣ ተቅማጥ ያመጣል።

ለስንቅ በሶ፣ ዳቦና ሙዝ ጥሩ ናቸው። በሶውን ትንሽ ጨውና ስኳር ጨምራችሁ ከቤት አሹትና በላስቲክ ጠቅልሉ። ቆሎ ያስጠማል፤ ለማታ ይቆይ።

ልብስ፦ ረጅም ሱሪ፣ እጅጌው ረጅም ሸሚዝ፣ ባርኔጣ፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ፣ ሁለት ካልሲ። የእግር ጥፍራችሁን ከሁለት ቀን በፊት ቁረጡ፤ ቁልቁል ሲወርዱ ጣት ጫማውን እየመታ ረጅም ጥፍር ይነቀላል።

የቀረው፦ ሽመል፣ ነጠላ (ጥላም ማሰሪያም ይሆናል)፣ ፊሽካ፣ የእጅ ባትሪ፣ ስልክ ላይ የወረደ ካርታ፣ ፋይዳ ወይም የቀበሌ መታወቂያ። ድንጋዩን ለይቶ ለማወቅ አንድ ሚስማርና በትንሽ ጠርሙስ አቼቶ። መዶሻ አትያዙ። መዶሻ ይዞ ገደል ለገደል የሚዞር እንግዳ ማዕድን ፈላጊ ነው ተብሎ ይጠረጠራል፣ ደግሞም አያስፈልግም።

ደረጃ 4፦ ቃል ትታችሁ ውረዱ

ለብቻ መሄድ ማለት ማንም ሳያውቅ መሄድ ማለት አይደለም። ለአንድ ዘመድ እንዲህ ብላችሁ በጽሑፍ ላኩ፦ «12 ሰዓት ከሩብ ከደጀን እወርዳለሁ። 6 ሰዓት ላይ ደጀን ሆኜ እደውላለሁ። 7 ሰዓት ድረስ ካልደወልኩ ለሆቴሉና ለፖሊስ ንገር።» የመኪናውን ታርጋና የሆቴሉን ስልክ ጨምሩ። በረሃው ውስጥ ኔትወርክ ይቆራረጣል፤ ስለዚህ «ስደርስ እደውላለሁ» የሚል ቃል አትግቡ። ያልመጣ ስልክ ሰው ያስደነግጣል፣ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ ማንም አይደነግጥላችሁም።

ሁለተኛውን ቃል የምትተዉት እዚያው ነው። ኩራርም ሆነ ሌላ መንደር አጠገብ ስትቆሙ መጀመሪያ ሰላምታ ስጡ። የሚቀርባችሁን ሽማግሌ «አባባ፣ እንዴት አደሩ? ድንጋዩን ለማየት ነው የመጣሁት፤ በዚህ በኩል ወጥቼ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ እመለሳለሁ» በሏቸው። ከየት መጣህ፣ የማን ልጅ ነህ መባሉ አይቀርም፤ በትክክል መልሱ። የመጀመሪያ ጊዜያችሁ ከሆነ ከመንደሩ አንድ ሰው መንገድ መሪ ያዙና ዋጋውን ከመነሣታችሁ በፊት ጨርሱ።

ደረጃ 5፦ ቁልቁለቱ (ከ12 ሰዓት ከሩብ እስከ 1 ሰዓት)

ሲነጋጋ ተነሡ፤ በጨለማ አትውረዱ።

1. ከአፋፉ ሳትለቁ ገና ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ። ደንቡ ቀላል ነው፤ ዳገቱን በምትወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረዱ።
2. ነዳጅ ለመቆጠብ ብላችሁ ማርሹን ዜሮ አታድርጉ። ሞተሩ መያዙን ሲተው ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል።
3. ፍሬን ላይ እግር አሳርፋችሁ አትውረዱ። ፍጥነቱ ሲጨምር ጠንከር አድርጋችሁ ርገጡ፣ ሲቀንስ ሙሉ በሙሉ ልቀቁ። በእረፍቱ ፍሬኑ ይቀዘቅዛል።
4. መስኮት ክፈቱ። የሚቃጠል ሸራ ሽታ ከማንኛውም መብራት ቀድሞ ይደርሳችኋል።
5. ተሳቢ ከፊት ካለ ራቁ፣ ኩርባ ላይ አትቅደሙ።
6. አስፋልቱ ያበጠበት፣ የተሰነጠቀበት ወይም እንደ ማዕበል የተጣጠፈበት ቦታ ላይ አትቁሙ። መሬቱ ከሥር እየተንሸራተተ ነው ማለት ነው።

ፎቶ አፋፉ ላይ አታንሡ። ከሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ ትመጡበታላችሁ፣ ብርሃኑም ያኔ ይሻላል።

ደረጃ 6፦ የመኪናው አቋቋም

ከድልድዩ ራቅ ብላችሁ፣ ከኩርባ ወጥታችሁ፣ ሰፋ ያለ ዳር ላይ ቁሙ። ድልድዩ ጥበቃ አለው፤ ላዩ ላይ መቆምም ፎቶ ማንሣትም ክልክል ነው። ድሮን የሚባል ነገር ይዛችሁ አትምጡ።

ወደላይ ቀና በሉ። አዲስ የተፈነከተ፣ ነጣ ያለ ስብራት ያለው ድንጋይ መሬት ላይ ካያችሁ ከላይ ገና የሚመጣ አለና ቦታ ቀይሩ። የመኪናው አፍንጫ ወደ ዳገት ከሆነ አንደኛ፣ ወደ ቁልቁለት ከሆነ የኋላ ማርሽ አስገቡ፤ የእጅ ፍሬን ሳቡ፤ ታኮ አድርጉ። በታኮ ፈንታ ድንጋይ ከተጠቀማችሁ ስትነሡ ከአስፋልቱ ላይ አንሡት። ሾፌር የተወውን ድንጋይ ማታ የሚያገኘው ሌላ ሾፌር ነው፣ በዚህ መንገድ ላይ ደግሞ ይህ ልማድ አልጠፋም።

ደረጃ 7፦ ከሥር፣ አሸዋ ድንጋዩ (ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ሩብ ጉዳይ)

የታችኛው ንብርብር 300 ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ቀይና ነጣ ያለ አሸዋ ድንጋይ ነው። በጣታችሁ ስትፈትጉት አሸዋ ይረግፋል። ግድግዳው ላይ እንደ ተጣጠፈ ነጠላ ጥለት አግድም የሚሄዱ መስመሮች ታያላችሁ፤ በፈፋዎቹ ውስጥ የተቦረቦሩ ጎጆ መሳይ ጥላዎች አሉ።

1. ከመኪናው ወደ ላይ የሚወጣ የከብት መንገድ ምረጡ። ወደ ወንዙ የሚወርደውን ተዉት፤ በየማቆሚያው ሁሉ መውጣቱ ይቅደም፣ መውረዱ ለመመለሻ ይሁን።
2. ሰዓት ያዙ። 45 ደቂቃ ወጥታችሁ የትም ብትደርሱ ተመለሱ። ከያዛችሁት ውኃ ግማሹ ካለቀ 45 ደቂቃ ባይሞላም ተመለሱ።
3. ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የረገፈ አሸዋ እግር ሥር እንደ ጠጠር ይንከባለላል። ሽመሉን ቀድማችሁ ትከሉ፣ ከዚያ እግራችሁን አስከትሉ።
4. የተቦረቦረው ጥላ ሥር ለደቂቃ ማረፍ ይቻላል፤ መተኛት አይቻልም። የሚቦረቦረው ከላዩ እየረገፈ ስለሆነ ነው።
5. እጃችሁን ወደማታዩት ስንጥቅ አታስገቡ። እባብም ጊንጥም ጥላ ይፈልጋሉ።
6. ቁልቋል ሲሰበር የሚወጣው ወተት ዓይን ያጠፋል። ቅርንጫፉን እንደ መያዣ አትጠቀሙበት። ዓይን ከገባ ሳታሹ ቢያንስ 15 ደቂቃ በብዙ ውኃ እጠቡና ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ወንዙ ውስጥ አትግቡ፣ ፊት ለመታጠብም ቢሆን። አዞም ጉማሬም አለበት።

ሰማዩ ከታች ጥርት ብሎ ደጀን በኩል ከጠቆረ ወዲያው ከፈፋው ውጡ። ላይ የጣለው ዝናብ ጠባቧን ፈፋ ሳታስቡት ይሞላታል።

ደረጃ 8፦ ዳገቱን በመኪና መጀመር

ከመነሣታችሁ በፊት አንድ ኩባያ ኦአርኤስ ጠጡና ሞተሩን አስነሥታችሁ የሙቀት መለኪያውን እዩ። ኤሲ አጥፉ። በሁለተኛ ማርሽ ሳትጣደፉ ውጡ። ጭነት የያዘ ሲኖትራክ ከፊታችሁ ከሆነ ቢያንስ 15 ሜትር ራቁ፤ ማርሽ ሲቀይር ወደ ኋላ ሊንሸራተት ይችላል።

መለኪያው ከመሐል አልፎ መውጣት ከጀመረ የማሞቂያውን አየር እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ላብ በላብ ትሆናላችሁ፣ ግን ሙቀቱን ከሞተሩ ይቀንሳል። ካልወረደ ቁሙ፤ የሚደረገው ከታች አለ።

ደረጃ 9፦ የጀሶው ንብርብር (ከ3 ሰዓት ከሩብ እስከ 4 ሰዓት)

ከአሸዋ ድንጋዩ በላይ 450 ሜትር ገደማ የሚሆነው ጀሶና ጭቃ ድንጋይ እየተፈራረቀ የተነባበረበት ነው። በጥፍራችሁ ጫሩት፤ ከተጫረ ጀሶ ነው። አንዳንዱ ቦታ እንደ ሐር ክር የሚያበራ ነጭ ጅማት በጭቃ ድንጋዩ መሐል ይሄዳል፤ ከመንገዱ ዳር ብዙም ሳትርቁ ይታያል።

እዚህ ከ30 ደቂቃ በላይ አትሂዱ። ምክንያቱ ሙቀቱ ብቻ አይደለም። ጀሶ በውኃ ይሟሟል፤ ላዩ ደኅና መስሎ ውስጡ ባዶ የሆነ ቦታ አለ። ጭቃ ድንጋዩ ሲረጥብ ሳሙና ይሆናል፤ ዝናብ ከጣለ 3 ቀን ጠብቁ የተባለው ለዚህ ነው፣ መንገዱም አብዝቶ የሚንሸራተተው ከዚሁ የተነሣ ነው። ጠርዝ ላይ አትቁሙ፤ ሽመላችሁን ወደፊት መታ መታ አድርጉ፤ ክፍት ድምፅ ከሰጠ ዙሩት።

ደረጃ 10፦ ኖራ ድንጋዩ (ከ4 ሰዓት ከሩብ እስከ 5 ሰዓት ተኩል)

400 ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ይህ ንብርብር እንደ ደረጃ እየተቆረጠ የሚወጣ ነው፤ ገደል፣ እርከን፣ እንደገና ገደል። ጥፍር አይጭረውም፣ ሚስማር ይጭረዋል። በሚስማር ፍቃችሁ ዱቄት አውጡና አንድ ጠብታ አቼቶ አድርጉበት፤ ቀስ ብሎ አረፋ ያወጣል። ሳትፍቁ ብታንጠባጥቡ ብዙ ጊዜ ምንም አይታይም፣ «አይሠራም» የሚሉ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው።

ድንጋዩን ጎን ለጎን እያያችሁ ሂዱ። ደለል መስሎ የተጣበቀው ቁርጥራጭ የባሕር ዛጎል ነው፤ ባሕር የነበረበት ዘመን አሻራ። ፎቶ አንሡት፣ አትፈልቅቁት፣ ወደ ቤትም አትውሰዱት።

1. እርከኑን ይዛችሁ አግድም ሂዱ። ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው የምትወጡት የከብት ዱካ ባለበት ብቻ ነው።
2. እጅ ካስፈለገ ከሁለት እጅና ከሁለት እግር ሦስቱ ሁልጊዜ የያዙ ይሁኑ። አንዱን ብቻ አንቀሳቅሱ።
3. መውረድ የማትችሉትን አትውጡ። ከመውጣታችሁ በፊት ዞር ብላችሁ የመውረጃውን እግር ማሳረፊያ እዩ።
4. እርከን ላይ የተቀመጠ ልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ አትርገጡ። ከሥር መንገድ አለ፤ የሚንከባለለው ድንጋይ አስፋልቱ ላይ ይወርዳል።

ከ5 ሰዓት ተኩል በኋላ የትም ቦታ ብትሆኑ ወደ መኪናችሁ። 6 ሰዓት ላይ ደጀን ሆናችሁ ደውሉ፣ ብሉ፣ ተኙ።

ደረጃ 11፦ አፋፉ ላይ፣ ጥቁር ድንጋዩ (ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ)

አሁን ቀዝቀዝ ብሏል፤ ጠዋት ዘላችሁት የወረዳችሁትን አፋፍ እዩ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፈስሶ ሲቀዘቅዝ የተሰነጣጠቀው ቀልጦ የነበረ ድንጋይ ባለ አምስትና ባለ ስድስት ጎን ዓምድ ሆኖ፣ እንደ ተደረደረ ማገዶ ቆሟል። ሚስማር አይጭረውም።

ይህ ቦታ ቀላል ስለሚመስል ነው ሰው የሚወድቅበት። ከጠርዙ 2 ሜትር ራቁ። ተነጥሎ የቆመ ዓምድ አናት ላይ ወጥታችሁ ፎቶ አትነሡ፤ ዓምዱን ከግድግዳው ያላቀቀው ስንጥቅ እስከ ሥሩ ይወርዳል። ዝንጀሮ ወይም ጭላዳ ካለ ምግብ ከቦርሳ አታውጡ፣ መኪናውንም ዝጉ።

ነገር ሲበላሽ

መኪናው ሂት ካደረገ፦ ቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ኮፈኑን ክፈቱ። የራዲያተሩን ክዳን ቢያንስ ለ30 ደቂቃ አትንኩ፤ የሚፈላው ውኃ ፊት ላይ ይፈነዳል። ከዚያ በወፍራም ጨርቅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ፍቱ፤ ውኃውን በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ በአንዴ ብትገለብጡበት ቴስታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይሰነጠቃል፤ ያኔ ጉዞው የሚያልቀው በጎታች ነው።

ፍሬኑ ከሸተተ ወይም መርገጫው ከላላ፦ ወዲያው ማርሽ ቀንሱ፣ ሰፊ ዳር ላይ ቁሙ፣ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ጎማው ላይ ውኃ አታፍስሱ፤ የጋለው ብረት ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ቀዝቅዞም መርገጫው ከላላ አትንዱ።

ሙቀት ከመታችሁ፦ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጡንቻ መሸማቀቅ ሲጀምሩ ጥላ ፈልጉ፣ ነጠላውን አርሳችሁ አንገትና ብብት ላይ አድርጉ፣ ኦአርኤስ በትንሽ በትንሹ ጠጡ። ሐሳብ መምታታት ከጀመረ ወይም ሰውነት ግሎ ላብ ከቆመ መንዳት የለባችሁም፤ ፊሽካ ንፉ፣ መኪና አስቁሙ፣ ወደ ሐኪም ሂዱ።

መንገድ ከጠፋባችሁ፦ ፈፋ ተከትላችሁ አትውረዱ። ድንጋዩ በደረጃ የተቆረጠ ስለሆነ ፈፋው በገደል አፍ ያልቃል፤ የወረዳችሁትን መውጣት፣ የቀረውን መውረድ አትችሉም። ቁሙ፣ የመኪና ድምፅ አዳምጡ፣ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ፤ ካልተገኘ የከብት መንገድ ያዙ፣ ሰው ጋ ያደርሳችኋል።

እግር ከተጠመዘዘ፦ ጫማውን አታውልቁ፤ ያብጥና መልሶ አይገባም። በነጠላ ከጫማው በላይ እሰሩ፣ ጥላ ያዙ፣ ሦስት ጊዜ ፊሽካ፣ ዕረፍት፣ እንደገና ሦስት ጊዜ።

እባብ ከነደፈ፦ አትብጡ፣ አትምጠጡ፣ አጥብቃችሁ አትሰሩ። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፤ የተነደፈውን ሳታንቀሳቅሱ በመጀመሪያው መኪና ወደ ሐኪም።

ከተመለሳችሁ በኋላ

በማግስቱ የጎማ ብሎኖቹን አጥብቁ፣ ራዲያተሩን ቀዝቃዛ ሳለ አይታችሁ የጎደለውን ሙሉ፣ የፍሬን ሸራውን እንደገና አስፈትሹ። ከሳምንት በኋላ ጀምሮ እስከ ጥቂት ወራት ድረስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላችሁ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትተኙ፤ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ቆላ ወርጄ ነበር በሉና የወባ ምርመራ አድርጉ።